ሰነድ ያጣ ወሬ



ክቡራን አንባብያን፣ ዛሬ ላወጋችሁ የተነሣሁት በእጃችን ስለያዝነው ስልክና በውስጡ ስለሚመላለሰው ወሬ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ እስከ ዛሬ ስንሰማ የኖርነው ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መሣሪያውን የሥልጣኔ ሁሉ ቁንጮ አድርጎ ያሞግሳል፤ ሁለተኛው ደግሞ የፊትና ሁሉ ምንጭ ነው እያለ ያወግዘዋል። እኔ የሙያው ሰው በመሆኔ ሁለቱም ወገኖች ለመሣሪያው የሌለውን ባሕርይ የሰጡት ይመስለኛል። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ለመሥሪያ ቤቶች የኮምፒውተር ፕሮግራም በመጻፍ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ መንገዱ በፈቀደልኝ ጊዜ ሁሉ ዘመዶቼ ወዳሉበት ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም እየተመላለስኩ፣ ያ እኛ በቢሮ ውስጥ የምናውቀው መሣሪያ በገበሬውና በነጋዴው እጅ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ለመታዘብ በቅቻለሁ።

ለመሆኑ የፕሮግራም ጸሐፊ ሥራው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ማስላት ይመስለዋል። ማስላቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ከሥራው የሚበልጠው መጠራጠር ነው። ለምሳሌ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በአንድ ሰው የልደት ቀን ላይ ጳጉሜን 7 ብሎ ቢያስገባ መሣሪያው «አልቀበልም» እንዲል አስቀድመን መጻፍ አለብን፤ ጳጉሜን አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜም ስድስት ቀን እንጂ ሰባት የላትምና። የ14 ዓመት ልጅ ጡረተኛ ተብሎ እንዳይመዘገብ፣ አንድ ሠራተኛ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ደመወዝ እንዳይጻፍለት፣ ከመቀጠሩ በፊት የዓመት ፈቃድ እንዳይወስድ… ይህን ሁሉ ስንጠረጥር ውለን ስንጠረጥር እናድራለን። ሆኖም መሣሪያው በምንም ዓይነት ሊያጣራልን የማይችለው አንድ ነገር አለ። «ጳጉሜን 3 ቀን ተወለድኩ» ያለ ሰው በእርግጥ በዚያ ቀን መወለዱን ኮምፒውተር አያውቅም። የቃሉን ቅርጽ ይመረምራል እንጂ ቃሉ እውነት ይሁን ሐሰት አያይም። ያንን የሚያውቀው ማስረጃውን ይዞ የመጣው ሰውና ማስረጃውን እጅ ለእጅ የተቀበለው ሠራተኛ ብቻ ነው። አንባቢ ይህን ነጥብ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ የቀረው ጽሑፌ ሁሉ የሚቆመው በዚሁ ላይ ነው።

አሁን ወደ ገበያ እንሂድ። ምዕራብ ጎጃም የበቆሎና የበርበሬ አገር ነው። የጃቢ ጠህናንና የወንበርማ በርበሬ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ወጥቶ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድም የሚነሣው ከቡሬ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በዚህ ገበያ ውስጥ ብር በጆንያ ተቋጥሮ መዞሩ እየቀነሰ መጥቷል። ታዲያ ከአዲሱ አሠራር ጋር አዲስ ሌባ መምጣቱ አልቀረም። ሌባው በራሱ ስልክ የተለመደውን የክፍያ መልእክት አስመስሎ ይጽፍና ለሻጩ ይልካል፤ ወይም «ይኸው ልኬያለሁ» ብሎ በራሱ ስልክ ላይ ያለውን ምስል ያሳያል። ሻጩ ቸኩሎ ዕቃውን ካስረከበ አለቀ።

ፍኖተ ሰላም ላይ አንዲት በርበሬ ነጋዴ እናት ይህን ሲያስተናግዱ አይቻለሁ። ገዢው ወጣት ነው፤ ስልኩን አውጥቶ አሳያቸው። «ልጄ፣ ያንተ ስልክ ለኔ ምስክር አይሆነኝም፤ የኔው ይናገር» አሉት። የእርሳቸው ስልክ ጮኸ። ማንበብ ስለማይችሉ ልጃቸውን ጠርተው ያስነበቧት ግን የገንዘቡን ልክ አልነበረም፤ «ከማን ነው የመጣው? ከ127 ነው ወይስ ከሰው ቁጥር?» ብለው ነበር የጠየቁት። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 መሆኑን፣ ከተራ የስልክ ቁጥር የመጣ ከሆነ ግን ምንም ያህል ቢያምር ውሸት መሆኑን ያውቃሉ። ያም አልበቃቸውም፤ *127# አስደውለው ሒሳባቸው መጨመሩን አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ ነው ጆንያው የተነሣው። እኔ ቆሜ ሳይ ተደነቅሁ። ስንት ዓመት በቢሮ ተቀምጠን ለወጣት ባለሙያዎች ስናስተምር የኖርነውን የማጣራት ሥራ እኒህ እናት በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያለ አንድ ስሕተት ፈጸሙት።

ነገር ግን በዚያው ቀን፣ በዚያው ግቢ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ጎረምሳ ከቴሌግራም ያገኘውን ፎቶግራፍ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ ያሳያል። የተቃጠለ ቤትና የወደቀ ሰው ይታይበታል። ከሥሩ የአንድ ቀበሌ ስምና «እነ እገሌ ያደረጉብን ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። ሴቶቹ አለቀሱ፤ ወንዶቹ ተቆጡ። ገንዘብ ሲሆን ያን ያህል የተጠነቀቁት እናትም «ከማን መጣ?» ብለው አልጠየቁም። እኔ መነጽሬን አድርጌ ሳየው በፎቶግራፉ ጥግ አንድ የሱቅ ማስታወቂያ ይታያል፤ ጽሑፉ የግእዝ ፊደል አይደለም።

«ይህን ማን ነው ያነሣው?» አልኩት ልጁን።

«ግሩፕ ላይ ነው ያገኘሁት ጋሼ።»

«ግሩፑ ላይ ማን አስገባው?»

«እሱን አላየሁም።»

እንግዲህ አንባብያን፣ ለአንድ ጆንያ በርበሬ የምናቀርበውን ጥያቄ ለሰው ነፍስ የማናቀርበው ለምንድን ነው?

ሙስሊም አንባቢ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። አንድ ሐዲስ ሁለት ክፍል እንዳለው በመድረሳ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። አንዱ መትን፣ ማለትም ቃሉ ራሱ ነው፤ ሌላው ሰነድ ወይም ኢስናድ፣ ማለትም ቃሉን ማን ከማን እንደሰማው የሚዘረዝረው የሰዎች ሰንሰለት ነው። (ለቤት ካርታና ለውል ወረቀት «ሰነድ» እያልን የምንጠራበት አማርኛችንም ያው ቃል መሆኑን ልብ ይሏል።) የሐዲስ ሊቃውንት ማጣራት የሚጀምሩት ከሰነዱ ነበር። ስለ ዘጋቢዎቹ ማንነት የሚመረምር ራሱን የቻለ የዕውቀት ዘርፍ፣ ዒልመ ሪጃልን፣ አቋቋሙ። እገሌ መቼ ተወለደ? መቼ ሞተ? ወደ የትኛው ከተማ ተጉዟል? በእርጅናው ትዝታው ተዛብቶ ነበርን? አንድ ሰው ከመወለዱ በፊት ከሞተ ሰው «ሰማሁ» ብሎ ቢያወራ በቀን ስሌት ብቻ ይያዛል። ይህ እኛ በጳጉሜን 7 ላይ ከምናደርገው ምርመራ ጋር አንድ ነው፤ እነርሱ ግን ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ያለ ኮምፒውተር አደረጉት። በ256 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አል-ቡኻሪ በዚህ መንገድ ከሰበሰቡት እጅግ ብዙ ዘገባ ውስጥ በሶሒሓቸው ያስገቡት ከነድግግሞሹ ሰባት ሺህ ከጥቂት መቶ ብቻ ነው። የቃሉ ማማር፣ የመልእክቱ መልካምነት፣ የሰሚው ማልቀስ የተቆረጠ ሰነድን አይጠግንም ነበር።

ሰነዱ ሙሉ ሲሆንም እንኳ ማጣራት እንደማይቀር የሚያሳየው የሱረቱል ሑጁራት ታሪክ ነው። ሙፈሲሮች እንደሚያወሱት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወሊድ ኢብን ዑቅባን ዘካ እንዲሰበስብ ወደ በኒ ሙስጦሊቅ ላኩት። ሰዎቹ ሊቀበሉት ወጡ። እርሱ ግን ከሩቅ ሲያያቸው ፈርቶ ከመንገድ ተመለሰና «ዘካውን ከለከሉኝ፣ ሊገድሉኝም አሰቡ» ብሎ ተናገረ። በመዲና ጦር እስከማዘጋጀት ሊደረስ ነበር። ዜና ሲመጣ አጣሩ የሚለው ትእዛዝ የወረደው በዚህ ጊዜ ነው ይባላል። ወሬውን ያመጣው ስሙ የማይታወቅ ሰው አልነበረም፤ በይፋ የተላከ መልእክተኛ ነበር። የጠራ ስም ባለበት ይህን ያህል ጥንቃቄ ካስፈለገ፣ ስሙንም መልኩንም ለማናውቀው «ግሩፕ» ምን ያህል ሊያስፈልግ ነው?

ጋዜጣ በነበረበት ዘመን ይህ ጥያቄ ግማሽ መልስ ነበረው። በ1985 የፕሬስ አዋጅ ከወጣ በኋላ እንደ አሸን የፈሉት ጋዜጦች፣ የሙስሊሙም ጋዜጦችና መጽሔቶች ጭምር፣ የአሳታሚውንና የዋና አዘጋጁን ስም፣ አድራሻና የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያትሙ ነበር። ያ ዘመን ጥሩ ብቻ ነበር አልልም፤ ብዙ አዘጋጆች ጻፉ ተብለው ታስረዋል፣ ጋዜጣ ሆኖ ወሬ የሚያራግብም አልጠፋም። ሆኖም የተከፋ ሰው «ይህን ማን ጻፈ?» ብሎ የሚሄድበት በር ነበረው። ዛሬ በሩ የት እንደሆነ ማግኘት ራሱ ምርመራ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ከሙያዬ አንጻር ጥቂት ላብራራ። በቴሌግራም አንድን መልእክት ወደ ሌላ ስናሻግር፣ ምንጩ ካልደበቀው በስተቀር ከላይ «ከእገሌ የተላከ» የሚል ምልክት ይከተለዋል። ይህ ደካማም ቢሆን አንድ የሰነድ ቀለበት ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ጽሑፉን ገልብጦ በራሱ ገጽ ላይ ቢለጥፈው ወይም የስልኩን መስኮት ፎቶ አንሥቶ ቢልከው ያ ምልክት ይጠፋል። ሰነዱ ተቆረጠ ማለት ነው። ሺህ ሰው ዘንድ የደረሰው ወሬ ከሺህ ሰው የመጣ ይመስላል፤ ሥሩ ሲቆፈር ግን አንድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ በ2018 በሕንድ አገር በስልክ በተዛመተ ወሬ ምክንያት ሰዎች በመንጋ ከተገደሉ በኋላ የተሻገረ መልእክት ላይ ምልክት ማድረግ ጀመረ። በ2020 ደግሞ ብዙ ጊዜ የተሻገረ መልእክት በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው ወይም ከአንድ ቡድን በላይ እንዳይላክ አገደ። ይህ የወሬውን እግር ያዘገየዋል። እውነት መሆኑንና አለመሆኑን ግን አይነግረንም፤ አስቀድሜ እንዳልኩት መሣሪያው ቅርጽ እንጂ እውነት አያይም።

የዚህን ዋጋ እኛ ጎጃሞች በቅርብ ከፍለናል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓርብ ዕለት በምሥራቅ ጎጃም በሞጣ ከተማ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን እሳት ተነሣ የሚል ዜና ከተዛመተ በኋላ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆችና ንብረቶች ወደሙ፣ ተዘረፉ። ከጠዋት እስከ ማታ ባለው ጊዜ ውስጥ ትውልድ አብሮ የገነባው ጉርብትና ተናጋ። በርካታ ክርስቲያን ወገኖቻችን ድርጊቱን ማውገዛቸውም መረሳት የለበትም።

ሚያዝያ 18 ቀን 2014 በጎንደር በሸይኽ ከማል ለጋስ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የተነሣው ግጭት የብዙ ሙስሊሞችን ሕይወት ቀጠፈ። ይህ ሐቅ ነው፤ አልቅሰንበታል። ነገር ግን ከሁለት ቀን በኋላ ከጎንደር እጅግ ርቃ በምትገኘው በወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ጥቃት ደረሰባቸው። የወራቤ ክርስቲያን በጎንደር መቃብር ላይ ምን ነበረው? ቪዲዮው ግን ያን ሁሉ ተራራና ወንዝ በአንድ ቀን አቋረጠ። በዚህ ገጽ ላይ ስለኛ ቁስል ብቻ ጽፎ ማለፍ ይቻል ነበር። ሆኖም ሚዛን ለአንድ ወገን ሲሆን ሚዛን አይባልም።

ስለ ፌስቡክ ካነሣን ደግሞ የፕሮፌሰር መዓረግ አማረን ጉዳይ መዝለል አይቻልም። የትግራይ ተወላጅና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በጦርነቱ ወቅት ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ይዞ የሚወነጅላቸው ጽሑፍ በፌስቡክ ወጣ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 በቤታቸው በር አጠገብ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ደጋግሞ ለኩባንያው አመልክቶ እንደነበር፣ ምላሽ ያገኘውም አባቱ ከሞቱ በኋላ እንደሆነ በመግለጽ እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2022 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። በአሜሪካ የተቋቋመ ኩባንያ በባሕር ዳር ለፈሰሰ ደም በናይሮቢ መልስ እንዲሰጥ መጠራቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ለምን ይሆን ኩባንያው በአማርኛ የተጻፈውን በጊዜው ያላየው? ገንዘብ አለማውጣቱ ዋናው ነው፤ አማርኛ አንባቢ ሠራተኛ በብዛት መቅጠር ወጪ አለው። የሙያ ምክንያትም ግን አለበት። ፊደላችን ወደ ኮምፒውተር የገባው በብዙ ልፋት ነው። በኛ ጊዜ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ በ1999 ነው። ከዚያ በኋላ በቡሬ የተጻፈው በለንደንም እንደ ተጻፈ ይነበብ ጀመር። ነገር ግን ለመሣሪያው ሀ፣ ሐና ኀ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብንወስድ በሁለቱ ፀ እና ጸ፣ «ሃ» ተብለው በሚነበቡት በስድስቱ ፊደላት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) አባዝተን 12 ዓይነት አጻጻፍ እናገኛለን። ሰው ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባል፤ መሣሪያው ግን ካልተማረ በስተቀር 12 ቃል ያደርጋቸዋል። እንግዲህ የስድብ ቃል ዝርዝር አዘጋጅቶ በዚያ አጣራለሁ የሚል የውጭ ኩባንያ፣ አንዱን ቢይዝ አሥራ አንዱ ያመልጡታል። ይህ ማመካኛ አይሆነውም፤ የአማርኛ ተማሪ የሆነ ማንኛውም ወጣት ባለሙያ በአንድ ሳምንት የሚጽፈው ማስተካከያ ነው።

መንግሥትም በበኩሉ በ2012 የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185 አውጥቷል። ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ላሰራጨ ቅጣቱ ይከብዳል። ሕግ መኖሩ አይከፋም። ይሁን እንጂ በተግባር ያየነው የወሬ መድኃኒት ሌላ ነው፤ መስመሩን መቁረጥ።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ በአብዛኛው ቦታም ዓመት ገደማ ተዘግቶ ቆየ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ በድሮን ተፈጽሟል በተባለ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ሠራተኛ ለፈረንሳይ ዜና አገልግሎት ተናገረ። ጥር 20 ቀን 2016 በመራዊ ከተማ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ያስታወቀው በየካቲት 5 ነው። ከጥር 20 እስከ የካቲት 5 ድረስ የነበሩትን ሁለት ሳምንታት አስቡ። የመራዊ ልጆች በያሉበት አገር ምን ሲሰሙ፣ ምን ሲያምኑ ሰነበቱ? መስመር ሲዘጋ ወሬ አይዘጋም፤ የሚዘጋው ማጣሪያው ነው። «ሞተ» የተባለው ሰው ደውሎ «አለሁ» የሚልበት መንገድ ሲጠፋ ወሬው ብቻውን ይነግሣል። የሞተውም እንዳልሞተ ተቆጥሮ ያለ ለቅሶ ይሰነብታል። የጸጥታን አስፈላጊነት የሚክድ የለም። ነገር ግን ሐሰትን ለመያዝ ተብሎ የሚዘረጋ መረብ እውነትን ብቻ ይዞ ሐሰትን ካሳለፈ፣ መረቡን የዘረጋው ሰው ሊጠየቅ ይገባዋል።

በዚያ ወቅት እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። በመርካቶ የሚነግዱ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ልጆች፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም፣ ከመግሪብ በኋላ በአንድ ሱቅ እየተገናኙ የሰሙትን ይለዋወጡ ነበር። ስልክ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም፤ ሾፌሮች ሲደርሱ የሚያመጡት ቃል አለ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሱቁ የጭንቅ ማዕበል ነበር። በኋላ ከመካከላቸው አንድ የዱቄት ነጋዴ ተራ የዱቤ ደብተር ገዝቶ አራት መደብ አሰመረበት፦ የተባለው ነገር፣ የነገረን ሰው፣ እርሱ በዓይኑ አይቷል ወይስ ሰምቶ ነው፣ የታየበት ቀንና ሰዓት። ሦስተኛው መደብ ባዶ ከሆነ ወሬው ከሱቁ አይወጣም። ይህ ሰው ዒልመ ሪጃል የሚባለውን ስም ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ዱቤ ሲሰጥ የኖረ ነጋዴ ነው፤ የማንን ቃል ምን ያህል ማመን እንደሚገባ ያውቃል።

ደብተሩ ምን እንደጠቀመ አንድ ነገር ልጥቀስ። አንድ ወጣት ወንድሙ በፍኖተ ሰላም እንደሞተ ተነገረው። ቤቱ ድንኳን ሊተከል ሲል ደብተሩን ሲያዩ ሦስት ሰዎች የተናገሩት ዜና ሦስቱም ከአንድ ሾፌር የሰሙት ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ ተፈልጎ ሲጠየቅ ስሙን ብቻ ሰምቶ ኖሯል፤ የአባት ስም አልሰማም። አልሐምዱሊላህ፣ ከአምስት ቀን በኋላ ወንድምየው ራሱ ደወለ። የሞተው ሌላ ሰው ነበር። የዚያኛውም ቤተሰብ በደብተሩ ውስጥ ተፈልጎ ተገኘና መርዶው በወጉ ተነገረው።

መርዶን ካነሣሁ አይቀር፣ ይህ ወጋችን እየጠፋ መሄዱ ያሳስበኛል። በገጠሩ ጎጃም መርዶ የሚነገረው ሌሊት ነግቶ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ነገሩ ተጣርቶ፣ ሐዘንተኛውን የሚይዝ ዘመድ ቀርቦ ነው። የሞተው ሰው ከተቀበረ ቀናት ካለፉም በኋላ ቢሆን መርዶ ነጋሪ እስኪመጣ ሰው አፉን ይዘጋል። የከተማ ልጆች ይህን እንደ መደበቅ ይቆጥሩታል። እኔ ግን ቃል ያለ ተሸካሚ እንዳይሄድ የተሠራ ሥርዓት አድርጌ አየዋለሁ። መርዶ ነጋሪው ፊቱን ይዞ ይመጣል፤ ውሸት ከሆነ የሚጠየቅ ሰው አለ። ዛሬ ስንቱ እናት የልጁዋን ሞት ከፌስቡክ ፎቶግራፍ ላይ፣ ሻማ ተለጥፎበት፣ ብቻዋን ቤት ተቀምጣ አየች! «ነፍስ ይማር» ብሎ የለጠፈው ልጅ ቸኩሎ ሳለ እናትየው ስልክ እንዳላት ትዝ አላለውም።

አሁን ደግሞ ሌላ ፈተና መጥቷል። የአንድ ሰው ድምፅ ጥቂት ሰከንድ ከተገኘ ያንን ድምፅ አስመስሎ ያልተናገረውን የሚያናግር ፕሮግራም ዛሬ በማንም እጅ ይገኛል። በእንግሊዝኛ በጣም በርትቷል፤ አማርኛም ወደኋላ ብዙ አይቆይም። እስከ ዛሬ «ድምፁን በጆሮዬ ሰማሁት» ማለት የሰነዱ ጠንካራ ቀለበት ነበር። የአንድ ዓሊም ድምፅ ያልተናገረውን ፈትዋ ይዞ፣ የአንድ የጦር አዛዥ ድምፅ ያልሰጠውን ትእዛዝ ይዞ በስልካችን ቢገባ የምንለየው በምንድን ነው? ባለሙያዎች ምልክት የሚያትም፣ ቀረጻውን በምሥጢር ቁልፍ የሚያስር ዘዴ እየሠሩ ነው። ጥሩ ነው። ነገር ግን ምልክቱን ለማንበብ የሚችለው ስንቱ ነው?

ባለፈው ወደ ቡሬ በሄድኩ ጊዜ ይህንኑ ከወጣቶች ጋር እያወጋን አንድ የገጠር ሽማግሌ ዘመዴ አጠገባችን ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ልጁ «ታዲያ ጋሼ፣ ድምፁም ካልታመነ ምን ልንይዝ ነው?» አለኝ። እኔም ስልኩን ዘግቶ ቀድሞ በሚያውቀው ቁጥር መልሶ እንዲደውል ነገርኩት። ሽማግሌው ሳቁና «ቁጥሩም ቢጠፋባችሁ?» አሉ። ቀጥለውም የራሳቸውን አወጉን። አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ነኝ የሚል ሰው በማያውቁት ቁጥር ደውሎ፣ «አባባ፣ ታምሜ ሆስፒታል ነኝ፣ አምስት ሺህ ብር በዚህ ቁጥር ይላኩልኝ» ብሏቸው ኖሯል። ድምፁ የልጃቸውን ይመስላል፤ እያለቀሰም ነው።

«እና ምን አሉት?» አልናቸው።

«ልጄ፣ ብሩስ ይላካል፤ መጀመሪያ ልጅ ሳለህ ትጠብቃት የነበረችውን የዚያችን የቀንደ ሰባራዋን ላም ስም ንገረኝ አልኩት» አሉ።

«ነገረዎት?»

«ምን ይነግረኛል፤ ዘጋው።»